የሦስተኛው ፎቅ ሰማንያ በመቶ

“እንግዲህ ሰማንያ በመቶውን ያሳዩኝ” አለች መዛኟ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንደ ደረሱ።

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ደረጃው መደገፊያ ገና አልተገጠመለትም፤ እሱም ይህን ያወቀው አሁን ሲወጣው ነው። ሠራተኛው “ጋሽ መቶኛ” ይለዋል፤ ወሬው ሁሉ በመቶኛ ስለሆነ ይመስለዋል። የፕሮጀክት ቁጥጥር ባለሙያ ነው፤ የትኛው ሥራ የት እንደ ደረሰ ለክቶ በየሳምንቱ ሪፖርት ማውጣት እንጀራው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶበታል። ዘንድሮ ግን ድርጅቱ “የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው በኃላፊነት አይቀጥልም” ስላለ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ተፈታኝ ሆነ። ለጽሑፉ ፈተና ሴት ልጁ ሁለት ወር ሙሉ እየጠየቀችው አጥንቶ አለፈ። የቀረው የተግባሩ ነው። መዛኟ የራሱን ሪፖርት ይዛ፣ የራሱ ሕንጻ ላይ ትመዝነዋለች። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ለሚስቱ “በገዛ ሜዳዬ ማን ይረታኛል” ብሎ ፎክሮላት ነበር።

“ሦስተኛ ፎቅ፣ የቧንቧ ዝርጋታ፣ ሰማንያ በመቶ” ብላ መዛኟ ከወረቀቱ አነበበች። “ፊርማው የእርስዎ ነው?”

“የኔ ነው።”

ክፍሎቹን አየ። ግድግዳው ልስን ያልነካው ብሎኬት ነው። ቧንቧው የሚያልፍበት ቦታ በጠመኔ ተሰምሯል፤ ቧንቧ ግን የለም። ሁለተኛውን ክፍል አየ፣ ሦስተኛውንም አየ። የትም የለም።

ሰማንያው ከየት እንደ መጣ እሱ አሳምሮ ያውቃል። ለሥራው ሃያ ቀን ተመድቦ ነበር፤ አሥራ ስድስቱ አለፈ፤ አሥራ ስድስትን ለሃያ አካፈለ። ቀኑ ከሄደ ሥራውም ሄዷል ማለት የጀመረው ጉልበቱን ያመመው ጊዜ ነው። ያኔ ለአንድ ሳምንት ብቻ ብሎ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ በሦስተኛው ዓመት ውሸት መሆኑንም ረሳው።

“ተሠርቶ ነበር እኮ” አለ ከኋላቸው የቆመው የቧንቧ ፎርማን። ቢሮ በመጣ ቁጥር ጋሽ መቶኛ “ጭቃ ታስገባብኛለህ” እያለ በር ላይ አቁሞ የሚያናግረው ሰው ነው። “ውሃ ሲሞከር አፈሰሰ። ከትናንት ወዲያ ነቅለን ወደ መጋዘን አወረድነው።”

መዛኟ ዞር ብላ አየችው። “ግድግዳው አልተቆፈረም። የት ውስጥ ነበር?”

“ግድግዳው ላይ ላዩን ነበር የታሰረው። ለጊዜው።”

“እንደሱ ነው?” አለች ወደ ጋሽ መቶኛ ዞራ።

“አዎ” አለ። “እሱ እንዳለው ነው።”

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በውሸቱ ብቻ አልነበረም ያፈረው። በር ላይ ሲያቆመው የኖረው ሰው፣ ሳይለመን፣ ስለ እሱ ብሎ መዋሸቱ ነበር አንገቱን ያስደፋው።

መዛኟ የተባለውን ጽፋ ወረቀቱን ለፎርማኑ ዘረጋችለት። “ምስክር ነዎትና እዚህ ላይ ይፈርሙ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ግን ለድርጅትዎ እናሳውቃለን።”

ፎርማኑ እጁን በሱሪው ጠረገና ብዕሩን ተቀበለ።

“ተው፣ አትፈርም” አለ ጋሽ መቶኛ።

“ምን ችግር አለው ጋሼ…”

“አልተሠራም። ምንም አልተሠራም። እኔም ወጥቼ አላየሁም።”

መዛኟ ብትቆጣው ይቀለው ነበር። አልተቆጣችም። “ወደዚህ ፎቅ ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት መቼ ነው?” አለችው።

“ዛሬ።”

“ለመጀመሪያ ጊዜስ?”

“እሱም ዛሬ ነው።”

ይህንንም ጻፈች። “ገና ብቁ አይደሉም ብዬ ነው የምሞላው። ከሦስት ወር በኋላ መመዘን ይችላሉ። ሪፖርቱን እርስዎው ያርሙት።” አንድ ቅጽ ሰጠችው። “እስከዚያ ሥራው ላይ የሚያለማምድዎትን ሰው ስም ይጻፉበት። ልኬት የሚያውቅ ይሁን። ታች እጠብቅዎታለሁ።”

ደረጃውን ወረደች። ጋሽ መቶኛ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

“ሠራተኞቹ ያውቁ ነበር?” አለ ፎርማኑን ሳያይ።

“ተዉት ጋሼ።”

“ንገረኝ እንጂ።”

“ሪፖርቱ ሲለጠፍ ‘እኛ ተኝተን ጋሽ መቶኛ ሲሠራልን አደረ’ ይላሉ። ለክፋት አይደለም። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው።”

ያን ስም የሙያ ክብር መስሎት ቤቱ ድረስ ይዞት ገብቶ ነበር። ለሚስቱ አውርቶላታል፤ ልጁም እየሳቀች ትጠራበታለች። ፊቱ ጋለ። ስልኩ የጮኸው ይሄኔ ነው። ልጁ ናት።

“አባዬ፣ አለፍክ?”

“አላለፍኩም።”

“እንዴ፣ ያላጠናነው መጣ?”

አዎ ቢላት ታምነው ነበር። “ያጠናነው ነው” አላት። “ሳልለካ ለካሁ እያልኩ ነው ስጽፍ የኖርኩት። ተገኘብኝ።”

ልጅቷ “እሺ አባዬ” ብላ ቀስ ብላ ዘጋችው። በሕይወቱ እንደዚህ አፍሮ አያውቅም።

ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። መጀመሪያ የመጣለት ሥራ አስኪያጁ ነው። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ይፈርምለታል፤ ሦስቱም ወር እንደ ቀልድ ያልቃል። ብዕሩን ከፈተ፤ ያን ስም ግን አልጻፈም።

“አንተ ግን” አለው ፎርማኑን፣ “ስንት ሜትር እንደ ዘረጋህ በምን ታውቀዋለህ?”

“እቆጥረዋለኋ። ከሥራ ሳንወጣ እየዞርኩ እለካና ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ።”

“እኔንስ ይዘኸኝ ትዞራለህ?”

ፎርማኑ የሚቀልድበት መስሎት ፈገግ አለ። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።”

“እሱን አልጠየቅኩህም። ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ።” ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ፤ ስድስት ዓመት አብሮት ሠርቶ ስሙን አያውቅም።

ፎርማኑ ባርኔጣውን አወለቀና የራሱን፣ የአባቱን፣ ሳይጠየቅ የአያቱንም ስም ጨምሮ እስኪጽፍ እየጠበቀ ነገረው።