የሁለቱ ወንድማማቾች ቋጠሮ

«ሬሳው ከባሕር ሲወጣ እጁን አየሁት፤ ራሱ ነው» አለ ጎረቤታቸው ሽማግሌው ፓዲ ሻዩን እያማሰለ። «ያ የተቆላለፈ ንቅሳት ባይኖር፣ ባሕሩ እንዲህ ካደረገው በኋላ ማን ይለየው ነበር?»

ሶርካ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሬሳ ሣጥኑ ሳሎኑ መሐል ክፍት ነው። የሬሳው ፊት በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጣቶቹ ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሟል። ፖሊሶቹ «ፊያክራ ነው» ብለው አስረክበዋል። ፊያክራ ባሏ ነው። አብሮት ዓሣ ሊያጠምድ የወጣው ታላቅ ወንድሙ ኮልም ግን አልተገኘም። እናታቸው ኑላ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ኮልሜ ዋና ያውቃል፤ አንዱ ደሴት ላይ ወጥቶ ይሆናል» እያሉ መስኮቱን ያያሉ።

«ዓሦቹ እንኳ ከፊያክራ መንጋጋ አረፉ» አለ ፓዲ። ሐዘንተኛው እየሳቀ አለቀሰ።

ንቅሳቱ የሶርካ የእጇ ሥራ ነው። ወደቡ አጠገብ ባለችው የንቅሳት ሱቋ ቱሪስቶች «የኛ ዘር የቋጠሮ ምልክት የትኛው ነው?» እያሉ ያደርቋታል። «የዘር አይደለም» ትላቸዋለች። «የጥንት መነኮሳት በመጽሐፍ ጠርዝ፣ ጠራቢዎች በድንጋይ መስቀል ላይ ያወረዱት ሐረግ ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው የሚነቀሰው ሰው ነው።» ፊያክራ ከአያቶቹ መቃብር መስቀል ላይ ሐረጉን ገልብጦ አመጣና ክንዱን ዘረጋላት። «ባሕር ከበላኝ በዚህ ትለዪኛለሽ» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሌላው ሰው የማያውቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ባለፈው ወር ኮልም በጓሮ በር ገባ። ያ የጎለመሰ ሰውዬ እንደ ልጅ አፍሮ፣ «የሱን ዓይነት አድርጊልኝ። ለእማ እንዳትነግሪ፤ ትገድለኛለች» አላት። ሐረጉ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር እየሄደ ይጠላለፋል። መርፌው የእጁ አንጓ ጋ ሲደርስ ኮልም ደንግጦ እጁን ሳበ፤ እዚያች ቦታ ላይ መስመሩ ሁለቴ ከላይ አለፈ።

ሬሳው ከገባ ጀምሮ እጅጌውን መግለጥ ፈርታለች። ፊያክራ ከሆነ ባሏ ሞቷል። ካልሆነስ? ነገ የምትቀብረው ማንን ነው? የኑላንስ ተስፋ በየትኛው አንደበት ታጠፋዋለች?

ሰዉ ለምሳ ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ ኑላ ብቻ ከሣጥኑ አጠገብ ቀሩ። ሶርካ ተንበረከከች። የሸሚዙን ቁልፍ ፈታች፤ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበች። አንጓው ጋ መስመሩ ሁለቴ ከላይ አልፏል።

የሆነ ደስታ ደረቷን ወጋት፤ ወዲያው በራሷ ደነገጠች። ከመስኮቱ ማዶ ባሕሩ ይጮሃል። አሁን የያዘው የሷን ባል ነው።

«ምን አየሽ ልጄ?» አሉ ኑላ።

መዋሸት ትችል ነበር።

«ኮልም ነው፣ እማ። እኔ ነኝ የነቀስኩት። ይሄን ስህተት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ኑላ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አንስተው ለረጅም ጊዜ ክንዱን አዩ።

«ስትነቅሺው አሞት ነበር?»

«ትንሽ ፈርቶ ነበር። በኋላ ግን እየደጋገመ ያየው ነበር። ወዶት ነበር።»

ኑላ እጅጌውን መለሱ። አንዴ ያመለጣቸውን ቁልፍ እንደገና ይዘው ቆለፉት፤ ከዚያ ኮሌታውን አንገቱ ላይ ገጠም አደረጉለት፣ ብርድ እንዳይገባበት።