የሚሌን ምንጭ

እኛ ስካሌቮ መንደር ውስጥ ሰው ሲሞትብን ምንጭ እናሠራለታለን። መንገድ ዳር ድንጋይ ይካባል፣ ውሃ በቧንቧ ይሳባል፣ የሟቹ ስምና ፎቶግራፍ ድንጋዩ ላይ ይደረጋል፣ ኩባያ በሰንሰለት ይታሰራል። ያለፈ ያገደመው ጠጥቶ «ነፍሱን ይማር» ይላል። ሳይል የሄደ የሙት ውሃ ሰርቆ እንደሄደ ይቆጠራል፤ ልጆች እንኳ ያውቁታል።

ዝላታም የወይን ቦታዋን ሸጣ ለልጇ ለሚሌን እንዲህ ያለ ምንጭ አሠራችለት። ሚሌንን ባሕር ነው የበላው። ከጓደኛው ከግሮዝዳን ጋር ከባሕሩ ዳር ገደል ሥር መረብ ሊያነሱ በጀልባ ወጡ፤ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ «ምንም አይል፣ እንሂድ» ያለው ግሮዝዳን ነበር። ነፋሱ ጀልባዋን ገለበጣት። ግሮዝዳን ዋኝቶ ወጣ፣ ሚሌን አልወጣም። በቀብሩ ዕለት ዝላታ መንደሩ ሁሉ በቆመበት ጣቷን ቀስራ፣ «አንተ ነህ የበላህብኝ! እግርህ ደጄን አይርገጥ፣ የልጄም ስም ካፍህ አይውጣ!» አለችው። ግሮዝዳን ቆቡን በእጁ እንደያዘ ከመቃብር ቦታው ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት መንገድ ታይቶ አያውቅም።

ምንጩ ሲሠራ መንገዱ ሰው የሚበዛበት ነበር። ከመንደሩ ተነሥቶ በጫካው ውስጥ ወደ ረግረጉ ይወርዳል፤ እንጨት ቆራጩም ዓሣ አጥማጁም የሚመላለሰው በዚያ ነው። ኋላ ረግረጉ ለወፎች ተከለለ፣ እንጨት መቁረጥም ተከለከለ፣ መንገዱ ላይ ሣር በቀለ። ወፎቹ ተመቻቸው። ሚሌን ግን «ነፍሱን ይማር» የሚለው ሰው አጥቶ ጫካ ውስጥ ብቻውን ቀረ፤ ዝላታ ነገሩን የምታየው እንደዚያ ነበር፣ አንጀቷንም የሚያሳርራት ይኸው ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማ ሰው የእግር መንገድ ሊከፍት ነው ሲባል ግን ነፍሷ መለስ አለች። መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ይጀምራል፣ ጫካውን ያቋርጣል፣ ረግረጉ ላይ በተነጠፈ ሳንቃ ያልቃል። ዛፍ ላይ ነጭና ሰማያዊ ቀለም እየቀባ ምልክት የሚያደርገው ደግሞ የወንድሟ ልጅ ቶንቾ ነው። የራሷ ሥጋ ቀለሙን ይዞት እያለ ምን ያሳስባታል? ቶንቾ ግን መንገዱን በላይ በኩል በጉብታው አዞረና ምንጩን ከነሚሌን ታች ጥሎት አለፈ።

መጠጥ ቤት ሄዳ ያዘችው።

«ቶንቾ፣ ልጄ፣ መንገዱን በሚሌን በኩል አሳልፍልኝ።»

«እትዬ፣ ነገርኩሽ እኮ። ታችኛው መንገድ ጭቃ ነው። ከተሜ ጫማው ከቆሸሸ ይከሰኛል።»

«ጭቃ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

«ከተሜን? ያስለቅሰዋል!» አለ፤ ጠጪው ሁሉ ሳቀ።

«አንተንና ሚሌንን ባንድ ገበታ ነው አብልቼ ያሳደግኋችሁ። የበላህበትን እንዴት ትረሳለህ?»

«አልረሳሁም። ግን ሰው የሚመጣው ገደሉንና ባሕሩን ሊያይ ነው። መዝናኛ ነው፣ እትዬ! እየተዝናና የሙት ፎቶ ይይ እንዴ?»

ቃሉ ካፉ እንደወጣ ራሱም ደነገጠ፣ ሳቁም ቆመ። ዝላታ የራኪያ አረቄዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች።

እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። በማግስቱ ጠዋት በወጥ ቤት ቢላዋ የቶንቾን ምልክት ከዛፉ ላይ ትፍቅ ጀመር፤ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ገዝታ በታችኛው መንገድ ካለው ዛፍ ሁሉ ላይ የራሷን ቀባች። ሥራው አንድ ሳምንት ፈጀባት፣ ወገቧን ቆረጣት፣ ቀሚሷም የቀለም ቅብ ሆነ። በመጨረሻ ቶንቾ ከደጇ መጥቶ ቆመ።

«ምልክቱን ማን እንዳዞረው ልንገርሽ፣ እትዬ?»

«ንገረኝ እስቲ።»

«ሁሉም እዚህ ጋ ነው የተቀባው» አለና በመዳፉ ጎኑን መታ። «ወይ ድንክ ነው፣ ወይ አንቺ ነሽ።»

«ድንክ ይሆናላ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ቶንቾ ሊያስተካክለው ነበር። ነገር ግን ገደል ለገደል ሲሄድ ጉሮሮው የደረቀው እግረኛ ሁሉ ቀዝቃዛውን ውሃ እያመሰገነ ተመለሰ፤ ማዘጋጃ ቤቱም በላይኛው መንገድ ጠብታ ውሃ እንደሌለ ያኔ ትዝ አለውና ዝም አለ። ዝላታ አሸነፈች።

በጋውን ሙሉ ዕለት ዕለት ምንጩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አቀናች። ሰውማ መጣ! ከምንጩ ሥር ባለው ገንዳ የጫማውን ጭቃ አጠበ። ውሻውን በኩባያው አጠጣ። አንዱ ጎረምሳ ሻንጣውን በሚሌን ፎቶግራፍ ላይ ሰቅሎ ዳቦውን በላ። «ነፍሱን ይማር» ያለ ግን አልተገኘም። መጀመሪያ ታገሠች፣ ኋላ አልቻለችም።

«ጠጣችሁ አይደል? አንድ ቃል ቀርቷችኋል» አለቻቸው ከዋናው ከተማ የመጡትን ወጣቶች።

«ምን ቃል፣ እማማ?»

«ነፍሱን ይማር በሉ።»

«ማንን?»

«ልጄን! ፊታችሁ ነው ያለው፣ ዓይን የላችሁም?»

አንዷ ልጅ ፎቶውን አየችና፣ «ውይ፣ ቆንጆ ነበር» አለች። ከዚያ ተራ በተራ ካንገት በላይ «ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር» እያሉ አለፉ። የመጨረሻው ልጅ ጥቂት እንደራቀ፣ «ሒሳቡ ተከፍሏል!» ሲል ሰማችው፤ የሌሎቹም ሳቅ ተከተለ። ሌላ ቀን አንዱ ቃሉን ካለ በኋላ በስልኩ እየቀረጻት፣ «እንደገና ይቆጡን፣ እማማ፣ አልገባም» አላት። ሰው በመምጣቱ እንደዚህ የምትናደድ አይመስላትም ነበር። ያም ሆኖ ከወንበሩ አልተነሣችም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ገንዳው ተደፈነ፣ ኩባያውም አረንጓዴ ዝቃጭ ያዘ። ዝላታ ገረማት። እሷ ጠርጋው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነበር የምታገኘው። የደን ጠባቂው ቭልኮ ነው የሚጠርገው ብላ ታስብ ነበር። ረግረጉ ዳር ሳንቃው ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ጋሽ ቭልኮ፣ ምን አስቀየምኩዎት? ገንዳውን ተዉት እኮ።»

«እኔ? መቼ ነክቼው አውቃለሁ!»

«ታዲያ ማን ነው ሲጠርገው የነበረው?»

«ብነግርሽ ትጮሂብኛለሽ።»

«አልጮህም።»

«ትጮሂያለሽ። ግሮዝዳን ነው።»

ጮኸች። ከሸምበቆው ውስጥ ወፎች ብር ብለው ተነሡ። በማን ፈቃድ፣ በየትኛው ዓይኑ፣ በየትኛው እጁ! ቭልኮ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«በቃሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሙታን በሚታሰቡበት ቀን፣ ይመጣ ነበር። ክረምት የለ በጋ የለ። ቅጠሉን ያወጣል፣ ኩባያውን በአሸዋ ያሻል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጮክ ብሎ ‹ሚሌን፣ ነፍስህን ይማር› ይላል። ሰው በሌለበት ጫካ! መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት አበደ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ምን ነካው?»

«አሁንማ አንቺ ቁጭ ብለሽበታል። በየት በኩል ይምጣ? ስሙ ካፍህ አይውጣ ያልሽው ራስሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዝላታ።»

ወደ ቤቷ ተመለሰች። መንደር ሙሉ ሰው ሚሌንን ሲረሳ አንድ ሰው ብቻ አልረሳውም ነበር፤ እሱንም በገዛ ቀለሟ አባረረችው። ከሁሉ የመረራት ያ ሰው ግሮዝዳን መሆኑ ነው። ሌላ ማንም ቢሆን እግሩ ላይ ወድቃ ታመሰግነው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከግሮዝዳን አጥር ደረሰች። ግሮዝዳን ባሕሩን ትቶ ንብ አናቢ ሆኗል፤ ቀፎዎቹን ለክረምት እየሸፈነ ነበር። ሲያያት ቆቡን አወለቀ።

«ነገ ና» አለችው ሰላምታም ሳትሰጠው። «እኔ አልኖርም። መጥተህ የምትለውን በል።»

«አልመጣም፣ እትዬ ዝላታ።»

«ልለምንህ ነው የምትጠብቀው?»

«ኧረ ይለምኑኝ አልልም። ያኔ ነፍሱን ይማር የሚልለት ሰው አልነበረም። አሁን መንገዱ ሰው በሰው ሆኗል፣ እርስዎም አሉ።»

«ሰው! ጫማውን ነው የሚያጥብበት! ምን ያውቃል እሱ?»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

ግሮዝዳን ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። «አንድ ቅዳሜ ገንዳውን ስጠርግ ድንገት እርስዎ መጡ። ዛፍ ኋላ ተደበቅኩ። አበባ አስቀመጡ፣ ከዚያ እኔን መርገም ጀመሩ። ይገባኛል፣ እሱን ተዉት። ረገሙኝ፣ ረገሙኝ፣ ሲደክምዎ ጠጥተው ሄዱ። ልጅዎን ግን ነፍሱን ይማር አላሉትም። ሌላም ጊዜ መጡ፣ እንደዚያው። ጠብቄ ነበር፣ ይሉ ይሆናል ብዬ። ሳይሉ ሲቀሩ እኔ የእርስዎንም የእኔንም እል ጀመር።»

በጥፊ ልትለው ፈለገች። ውሸታም ልትለውም ፈለገች። ቃሉን ያለችበትን አንድ ቀን፣ አንድ እንኳ፣ ከልቧ ፈለገች፤ አጣች። ግሮዝዳን ወደ ቀፎዎቹ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ምንጩ ወረደች። ጎልማሳ ባልና ሚስት ውሃ ሊቀዱ ቆመው ነበር፤ ሴትዮዋ «ይቅደሙ፣ እማማ» ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ዝላታ እጅጌዋን ሰብስባ ቅጠሉን ከገንዳው አወጣች፣ ኩባያውን በአሸዋ አሸች፣ ጠጣች። ሰውዬው የገጠር ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሚስቱም እጇን አጣመረች። ትልቅ ሰው እያለ ቀድሞ መናገር ነውር ነውና እሷ እስክትል ጠበቁ። ዝላታ የልጇን ፎቶግራፍ አየች፣ አፏን ከፈተች።

«ግሮዝዳን» አለች። «ግሮዝዳን፣ ባሕሩ አንተን በበላህ...»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሰውዬው ባርኔጣውን ደፋ፤ ውሃውን ሳይቀዱ ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ ረግረጉ ወረዱ። ዝላታ እንደገና ቀድታ ጠጣች፣ አፏን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁንም የወጣው የግሮዝዳን ስም ነበር።