ሬዲዮ የሚቆጡ አክስት

ዜና አንባቢዋ ለሦስተኛ ዲግሪ መመዝገቧን ስትነግረው ባሏ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ሀገር በሙሉ ሲሰማሽ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ምን ልትማሪ?»

«ማን እንደሚሰማኝ» አለችው።

ቀልዷን አልነበረም። ግማሽ ዕድሜዋን ስቱዲዮ ውስጥ ለማይክ ስታነብ፣ ከማይኩ ወዲያ ያለው ሰው ምን እያደረገ እንደሚሰማት አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ይኼው ነገር ሲከነክናት ቆይቶ የሚዲያና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል በር ላይ አደረሳት።

በሩን ስትከፍት ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው አማካሪዋ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባቡር! ድሮ ጣቢያቸው ለልምምድ መጥቶ ሳለ፣ አራት ነጥብ ላይ እንኳ የማይቆም አንባቢ ስለነበር ይህን ስም ያወጣችለት ራሷ ናት። አሁን መነጽር አድርጎ፣ ትንሽ ሸብቶ፣ ዶክተር ሆኗል።

ከወንበሩ ብድግ አለ። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ፤ አንተ...» ብላ ጀመረችና ምላሷን ነከስ አደረገች። «እርስዎ፣ ዶክተር።»

«ኧረ አይደረግም! እርስዎ አንቱ እያሉኝማ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥም ያቅተኛል።»

ተሳሳቁ። እሷ አንተ ልትለው፣ እሱ አንቱ ሊላት ተስማሙ።

ሳቁ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላለፈም። ጽሑፏ ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰላት።

«ይኼ ዜና ነው» አላት በትሕትና። «"አድማጮች መረጃ ያገኛሉ" ብለው ደምድመዋል። ማን አይቶ? የት ቁጭ ብሎ?»

ደሟ ፈላ። ስንቱን ስታርም የኖረች ሴት በባቡር ትታረም! ቤቷ ገብታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና «ትቼዋለሁ» አለች። ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ ስለሆነ የተበሳጨ ሰው ብርቁ አይደለም።

«ተማሪዎቼም ሞተር ሲጠፋባቸው እንደዚሁ ነው የሚሉት» አለና ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለ።

ቅዳሜ ጠዋት እልህ ይዟት፣ ሰው ሬዲዮ ሲሰማ በዓይኗ ልታይ አክስቷ ቤት ሄደችና ጥግ ላይ ተቀመጠች። አክስቷ ልብስ እያጣጠፉ ሬዲዮ ከፈቱ። ቀደም ብላ የቀዳችው የሳምንቱ ዜና ነበር፤ የራሷ ድምፅ ስለ ውሃ መስመር ማንበብ ጀመረ።

«ጥገናው በመፋጠን ላይ ይገኛል።»

«አንቺ ውሸታም!» አሉ አክስቷ፣ ፎጣውን በሬዲዮው ላይ እያወናጨፉ። «ቧንቧችን ደርቆ ምኑ ነው የሚፋጠነው? አፍሽን ሞልተሽ ታወሪያለሽ ደግሞ!»

ዜና አንባቢዋ ክው አለች። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

አክስቷ ዞር ብለው አዩዋት። ግራ የገባቸውስ እሳቸው ነበሩ።

«አንቺን ማን ተናገረሽ የኔ ልጅ? እሷን ነው እንጂ! በይ የዚያን አንሶላ ጫፍ ያዢልኝ።»

አንሶላውን ይዛ፣ ሳቋን እየዋጠች የቀረውን አብራቸው ሰማች። አክስቷ ለሬዲዮዋ ሴትዮ መልስ ያልሰጡበት ዜና የለም። ስፖርት ሲደርስ ብቻ «እሱን አላውቅበትም፤ ቀጥዪ» አሏት።

ሰኞ ያየችውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጽፋ ወሰደች። አማካሪዋ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለና «ሰው ሬዲዮ መስማት ብቻ ሳይሆን ይመልስለታል ማለት ነው» አላት። «በቃ፣ ይኼን ይዘው ይሂዱ።»

ይዛ ሄደች። የሰው ሳሎን፣ የሰው ጓዳ ስትዞር ከረመች።

የጥናት ዕቅዷን ባቀረበች ዕለት ከፈታኞቹ አንዷ «መጨረሻ ላይ ምን አገኛለሁ ብለሽ ትጠብቂያለሽ?» ስትል ጠየቀቻት። ዜና አንባቢዋ የማታውቀውን ሁሉ በእርግጠኛ ድምፅ ስታነብ የኖረች ሰው ናት። ዛሬ ግን እንዲያ አላደረገችም።

«አላውቅም» አለች። ቅልል አላት። «እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

ፈታኟ ፈገግ አለች። ዕቅዱ ጸደቀ።

በማግስቱ አንድ ፀጉር ቤት ገባች። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ቀና አለ።

«እህቴ፣ እዚህ የወንድ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ሬዲዮ ትከፍታለህ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«እከፍታለሁ። ግን ዝጋ እንዳትይኝ፤ ደንበኞቼ ሲጨቃጨቁበት ነው የሚውሉት።»

«ኧረ ይጨቃጨቁ!» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።