ቅመሽልኝ

ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በዚህ በኩል ያለው «ሸጋ ምግብ ቤት» የኔ ነው። ሸጋዬ እባላለሁ። ከመንገዱ በዚያ በኩል ልክ የኔን በር እያየ የተከፈተው «ጅዳ ምግብ ቤት» ደግሞ የሀጀራ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል መጥታ አፍንጫዬ ሥር ከፈተችው።

ሀጀራ ከሳዑዲ ስትመለስ በር የሚያክል ፍሪጅና ሰው የሚተኛባቸው የሚመስሉ ድስቶች ገዝታ ገባች። ከዚያ ሩዟን አመጣች። እኔ «በዚህ ብርድ አገር ሩዝ ማን ይበላል?» ብዬ ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ሹፌር ሳህን ሙሉ ሩዝ ፍለጋ መንገዱን ተሻገረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችን ጎረቤት መሆናችን ቀርቶ ጣውንቶች ሆንን፤ ባላችን መናኸሪያው ነው። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር እኔ በዚህ በር፣ እሷ በዚያ በር ብቅ እንላለን። እሷ ሙዚቃ ስትከፍት እኔ ከሷ አስበልጬ እከፍታለሁ። ሰላምታ ከተለዋወጥን ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የአቀስታው ሹፌር ዋለ ስልክ ቁጥሬን ለአንድ ሰው የሰጠው። ሰውዬው ደወሉ። ድምፃቸው የሽማግሌ ነው። «ጋሹ አለምነው እባላለሁ» አሉኝ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ የሙሽራው ወገን ከአቀስታ ይመጣል፤ ዳሱ እዚሁ ከተማው ዳር ይጣላል። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ትልልቆቹ ሴቶች ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የድግስ ወጥ የሚሠራ እጅ የለም።

«ከብቱን እኔ አመጣለሁ፣ አንቺ ወጡን ብቻ ሥሪልኝ» አሉ። «አደራ እንዳታሳፍሪኝ፤ ነገሩ የሰው ፊት ነው።»

«አብሽሩ ጋሼ፣ ወላሂ አላሳፍርዎትም» አልኳቸው።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። እኔ አንገቴ ላይ ማተብ ያለኝ የማርያም ልጅ ነኝ። ግን ወሎ ተወልዶ ወላሂ የማይል ማን አለ? ሳላስበው ነው ከአፌ የሚወጣው።

ስልኩን እንደዘጋሁ ወሬውን ለመንደሩ ሁሉ አዳረስኩ። ሸጋ ምግብ ቤት ሊዘጋ ነው እያሉ ሲያሙኝ የከረሙት ሁሉ እንዲሰሙልኝ ፈልጌ ነበር። አብራኝ ከምትሠራው ከአስቻለች ጋር ሽንኩርት በጆንያ አስገባን፣ በርበሬ አስፈጨን፣ ቅቤ አነጠርን። ሠርጉ ካማረ ስሜ እስከ አጅባር ይሰማል። ከተበላሸ ደግሞ ታፔላዬን አውርጄ ቤቴ መቀመጤ ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ አስቻለችም ታውቅ ነበር።

የሠርጉ ዋዜማ፣ ሽንኩርቱን ከትፈን እንደጨረስን፣ አንድ አይሱዙ ደጄ ላይ ቆመ። ከኋላው ሰንጋና በጎች ተጭነዋል፣ ከፊት ጋሽ ጋሹ ተቀምጠዋል። ወረዱ። ነጭ ኮፍያቸውን አስተካከሉና «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ። ዓይናቸው በቀጥታ ሄዶ ያረፈው ግድግዳዬ ላይ ካለችው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ነው። የኔ ዓይን ኮፍያቸው ላይ ነው። ውጭ አንዱ በግ ጮኸ።

«አንቺ፣ ወላሂ ብለሽኝ አልነበረም?» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎስ ጋሹ አለምነው ብለውኝ አልነበረም?»

«አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው፤ ምን ላድርገው?»

«ወላሂም ከናቴ የለመድኩት ነው፤ እኔስ ምን ላድርገው?»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የኔም አይደለም» አሉ። «ግን ልጄ፣ ድስትሽም ቢላሽም የናንተ እርድ የገባበት ነው። ሰዎቼ አይበሉም። ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው።» ይህን እያሉ ዓይናቸው በሩን አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ «ጅዳ» የሚለው ታፔላ ላይ አረፈ።

ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ መንደሩ ሰምቷል፣ አሁን ሠርጉ እዚያው ጠላቴ በር ሊገባ ነው። እሳቸው ከወንበሩ ከመነሳታቸው በፊት እኔ ነጠላዬን አነሳሁ። «እዚሁ ይቆዩኝ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። መንገዱ መሀል ስደርስ እግሬ ትንሽ አመነታ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ።

ሀጀራ በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም ስታይ ነበር። ስቀርባት ክንዶቿን አጣጠፈች።

«ሀጀራ፣ የድግስ ወጥ ትችያለሽ?» አልኳት። ሰላም እንኳ አላልኳትም።

«ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?»

«ማርያምን፣ ልስቅ አልመጣሁም።»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ቤቷ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አየች። «ወላሂ አልችልም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጅ ሁኜ ነው የሄድኩት፤ እዚያ ደሞ ሩዝ እንጂ ወጥ ማን ሥሪ ይለኛል? እዚህም ሰው ወጥ ሲጠይቀኝ አልቋል ነው የምለው።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ወጡን እኔ ልሥራ፤ በሷ ቤት፣ በሷ ድስት፣ በሷ ቢላ። ሽንኩርቴ ሥጋ ነክቶ በማያውቅ ቢላ የተከተፈ ነው፤ እርዱ የጋሽ ጋሹ ይሁን። እሷ ሩዟን ትጨምርበት። ሠርጉም የሁለታችን ይሁን።

«ሰውዬው እኮ ራሳቸው ወደኔ ሊመጡ ነበር» አለች።

«መጥተው ወጥ ቢሉሽ ምን ልትያቸው ነው? አልቋል?»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረች። «ሽሮሽን በዋለ እጅ እያስመጣሁ እንደምበላ ታውቂያለሽ?»

ዋለ ለመንገድ ነው እያለ በየጊዜው ሽሮ የሚያስቋጥረው ለዚህ ኖሯል። «ያንቺንም ሩዝ የሚያመጣልኝ እሱ ነው» አልኳት፤ «ሥጋ ያልገባበትን። ቅመሙን ልሰልል ብዬ።»

«አወቅሽው?»

«አላወቅሁትም።»

«የደረቀ ሎሚ ነው» አለችኝ። እንዲሁ፣ ሳልለምናት። ያን ቀን ዋለ ስለመላላኩ ከሁለታችንም ቤት ምሳ በነፃ ሲበላ መኖሩንም አብረን ደረስንበት።

ጋሽ ጋሹም ነገሩን ስንነግራቸው «እንዲህ ከሆነ እሺ» አሉ። በማግስቱ ገና ውርጩ ሳይለቅ ጋሽ ጋሹ ቢስሚላህ ብለው አረዱ። የሀጀራ ጓሮ ሦስት ጉልቻ ተጎልቶበት እሳቱ ይንቦገቦጋል። እንዲህ ያለ ጧት አይቼ አላውቅም። አስቻለች እንጀራውን ከቤቴ እየጫነች መንገዱን ትመላለሳለች። የሀጀራ እህቶች ሥጋ ያጥባሉ። ዋለ ሚኒባሱን አቁሞ ውኃ ይቀዳል፣ ማንም ሳያዘው። ሀጀራ ሩዟ ላይ፣ እኔ ሽንኩርቴ ላይ። ሽንኩርቱ ሲጠበስ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ቅቤው ሲወርድበት፣ ሽታው መንገዱን ሞልቶ መናኸሪያ ድረስ ሄደ። ተሳፋሪዎች የማንን በር እንደሚያንኳኩ ጠፍቷቸው መሀል መንገድ ላይ ሲቆሙ አይቼ ከልቤ ሳቅሁ። ልቤ ያለ ከበሮ እየዘለለ ነበር።

ከዚያ ሥጋው ገባ። ተንተከተከ፣ በሰለ፣ የጨው ሰዓት ደረሰ።

እጄ እንደ ልማዱ ሄደ። ማማሰያውን አነሳሁ፣ ወጡን መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ፣ መዳፌን ወደ አፌ።

«እትዬ፣» አለች አስቻለች፣ «ምን ሁነሻል?»

መዳፌ ከንፈሬ ሥር ቆመ። የእስላም እርድ ነው። እኔ ልቀምሰው አልችልም። ስለ ድስቱ ስንጨነቅ፣ ስለ ቢላው ስንጨነቅ፣ ስለ ምላሴ ማናችንም አላሰብንም። ዕድሜዬን ሁሉ ወጥ ስሠራ ሳልቀምስ ያወጣሁት ድስት የለም። ጓሮው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ እጁን አቁሞ አየኝ። መዳፌን በውኃ ታጠብኩ። ከዚያ ዞር አልኩ።

«ሀጀራ፣ ቅመሽልኝ።»

መጣች። ነፋ ነፋ አድርጋ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ደግማ ቀመሰች።

«ጨው በቅቶታል» አለች።

አልበቃውም። እኔ ጨው የምለካው በእፍኝ ነው፤ ይህን ለሚያክል ድስት አንድ እፍኝ ሙሉ ይቀረዋል። እጄ ያውቃል። ጨዉን ዘግኜ «ይቀረዋል» አልኳት።

«አይቀረውም፤ በቅቶታል።»

እዚህ ላይ ሆዴ ክፉ ክፉውን ማሰብ ጀመረ። ሁለት ክረምት ስትፎካከረኝ የኖረች ሴት ናት። ወጡ አልጫ ቢሆን የሚሰደበው ማነው? ወጥ ሠሪዋ ሸጋዬ። ሩዙ የሷ ነው፤ ሩዙ ይመሰገናል። ዛሬ ልትጥለኝ ብትፈልግ ከዚህ የቀለለ መንገድ የላትም፤ አንዲት «በቅቶታል» ትበቃታለች። ጨዉ በጭብጤ ውስጥ ላብ አወጣ። ፈራሁ። ዓይኗን አየሁት፣ ምንም አላገኘሁበትም፤ ጭስ የለበለበው ዓይን ነው።

«ሽሮዬን ስትበይ ጨዉ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ልክ እንደዚህ» አለች።

ጭብጤን ከጨው ዕቃው ላይ ፈታሁት። ጨዉ ተመልሶ ገባ። ድስቱን ከደንኩና ከእሳቱ ሸሸሁ፤ እጄ እንዳይሳሳት ብዬ።

ዳሱ ውስጥ ወጡ ሲወጣ እኔ ከሀጀራ ጋር ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር። ለክርስቲያን እንግዶች የሚሆነውን ከቤቴ ሠርቼ ለብቻው አስቀርቤያለሁ፤ ለሱ አልሰጋሁም። ዓይኔ የሙሽራው አጎት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ገበታው ጠጋ አሉ። ከዚያ በኋላ ዳሱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ወሬ አልተሰማም። ጋሽ ጋሹ ወደኛ መጥተው «ማሻአላህ» አሉ፤ ሌላ ነገር ሊጨምሩ ፈልገው እንባቸው መጣ። «እናቷ ብትኖር እንዲህ ነበር የምትሠራው።»

ዕቃ ስናጥብ ሀጀራን ጠየቅኋት። እፍኜ እንዴት ሳተ?

«ሥጋውን እኮ በጨውና በሎሚ ነው የምናጥበው» አለች። «እዚያ የለመድኩት ነው። እህቶቼ ጨው አስነክሰው ነው ለቅልቀው የሰጡሽ። አልነገርኩሽም እንዴ?»

አልነገረችኝም። ያን እፍኝ ጨምሬበት ቢሆን ያ ሁሉ ሰው ውኃ ሲጠጣ ይውል ነበር። እዚያው የተደፋ ድስት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳቅ ያዘኝ። እሷንም ያዛት። ዋለ መጥቶ ምን ሁናችሁ ነው ሲለን ይባስ ሳቅን።

ከአቀስታ ከሙሽራው ጋር ከመጡት ክርስቲያን እንግዶች አንዱ ፈንታሁን ይባላል። የሩዙ ሽታ ዳሱን አልፎ መጥቶ አላስቀምጠው ብሎት ነበርና ሳይሄድ ያዘን። «እኔም ልጅ እድራለሁ። ያ ወጥ ይኑር፣ ያ ሩዝም ይኑር፤ እርዱ ግን የኛ ይሁን» አለን። ሀጀራን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ። ሁለታችንም ባንድ አፍ «አብሽር» አልነው።

ለፈንታሁን ሠርግ ሀጀራ መንገዱን ወደኔ ተሻገረች። የኔ ጓሮ፣ የኔ ድስት፣ የኛ እርድ። የደረቀ ሎሚዋን በጣሳ ይዛ መጣች፤ ሩዙን ከሥጋው ጋር አስማማችው፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ጨለፈች። ነፋ ነፋ አደረገችና ወደ አፏ ልትወስደው ስትል ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ሳቀች። ማንኪያውን ወደኔ ዘረጋችልኝ።

«በይ ቅመሽልኝ።»

ቀመስኩ። «ጨው ያንሰዋል» አልኳት።

ቃሉን ሳልጨርስ ጨዉ ድስቱ ውስጥ ነበር። ዓይኔን አላየችም። እኔ ያን ቀን ጨው ጨብጬ ስንት ነገር አስቤ ነበር፤ እሷ አንዱንም አላሰበችም። አማስላ ሲያበቃ ማንኪያውን ደግማ ዘረጋችልኝ፤ ተቀብዬ ቀመስኩ።

«አሁን በቅቶታል» አልኳት።