መደቡ ይፍረስ ያልኩት እኔ ነኝ

መደቡ ይፍረስ ያልኩት እኔው ነኝ፤ በሰው አላላክክም። አናጢው ጁነዲን ዶማውን ይዞ ቆሞ፣ «እትዬ ቦሰና፣ እንግዳ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

«እኔ መዞሪያ አጥቼ አንተ ለእንግዳ ታስባለህ? ይልቅ ሥራህን ሥራ!» አልኩት። አፌ ስሸጠው ከኖርኩት በርበሬ አይተናነስም፤ ይኼን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በርበሬ ተራ ሃያ ዓመት ቸርችሬአለሁ። በ1956 ጥቅምት ላይ ጆንያ ላወርድ ብዬ ከመጋዘኑ ቆጥ ወደቅሁ፤ ከወገቤ በታች ያለው አካሌ ከዚያ ወዲህ የእኔ አይደለም። ልጄ ሰገነት ጠዋት ታጥበኛለች፣ ታገላብጠኛለች፣ ፖፖ ታቀርብልኛለች፤ ከዚያ መሥሪያ ቤት ታይፕ ልትመታ ትሄዳለች። በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ልብሴን ቀይራልኝ ትመለሳለች። እስኪመሽ ሌላ የሚረዳኝ የለም።

ገና አልጋ ላይ ሳለሁ ግን ቤቴ ሰው አጥቶ አያውቅም ነበር። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተጋባን ዓመት በእጁ የለሰነው የጭቃ መደብ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። የእድሩ ሰው፣ የገበያው ሰው፣ ሁሉም ይመጣል። በእኔ ሕመም ጀምረው በሰው ትዳር ይጨርሳሉ። እኔም ተኝቼ እሳደባለሁ፣ እስቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ ሆስፒታሉ ባለ ጎማ ወንበር ሰጠኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጁነዲን የበሩን ደፍ ቆረጠ፣ መቃኑን አሰፋ፣ ደጃፉ ላይ ሳንቃ አጋደመ። ወንበሩ ግን ክፍሉ ውስጥ አልዞር አለ፤ መደቡ ያዘው። አስፈረስኩት። ጎማው በርጩማዎቹንም እየገጨ ሲያስቸግር ሰገነት ለጎረቤት አደለቻቸው። የዚያን ቀን ከግድግዳ ግድግዳ እየተሽከረከርኩ እልል አልኩ።

ከዚያ እንግዳ መጣ። «ተቀመጡ» አልኩ። ዙሪያውን አዩ። አልጋዬ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፣ ሽታውንም አውቀዋለሁ፤ ማን ይቀመጥበታል? ቆመው፣ ከአናቴ በላይ እርስ በርስ እያወሩ፣ «እግዜር ይማርሽ» ብለውኝ ወጡ። በሳምንቱ የሚመጡት ቀነሱ። ሰኔ ገብቶ ሲዘንብ ጭራሽ ጠፉ። እኔም መውጣት አልቻልኩም፤ ሳንቃው ካለቀበት ላይ የመርካቶ ጭቃ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ውጭ ኩሊው «ወገድ! ወገድ!» ሲል እየሰማሁ እቤት ውስጥ ብቻዬን እዞራለሁ። ብቸኝነት እንዲህ ያንገበግባል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ከሁሉ ያናደደችኝ ጠሂራ ናት። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ቸርችረናል፤ ጾሜን እሷ ታስታውሰኝ፣ ረመዳኗን እኔ እቆጥርላት ነበር። እሷም በር ላይ ቆማ ሁለት ቃል ተናግራ መሄድ አመጣች። ንቃኛለች አልኩ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቆም አላስቻለኝም።

«ምነው ጠሂራ? በሽታዬ ይጋባል ብለሽ ነው? እንዲህ ቆመሽ ከምትጠይቂኝ ብትቀሪ ይሻላል!»

ቀሚሷን ከፍ አደረገች። እግሯ ከጫማው በላይ አብጧል።

«መቆም አልችልም፣ ቦሴ። የት ልቀመጥ?»

ቤቱን አየሁት። የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ነይ ወደ አልጋው አውርጂኝ» አልኳት። በብብቴ ይዛ እያቃሰተች አልጋው ላይ ጣለችኝ። «በይ አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጪ።»

«ኧረ አላህ ይጠብቀኝ! የበሽተኛ ወንበር ላይ?»

ፈርታለች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር። አልለመንኳትም፤ እንባዬን እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እግሯ ወደ በሩ ሲሄድ እስክሰማ ጠበቅሁ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ዞር ስል ተቀምጣለች፤ ሁለቱን ጎማዎች ጨምድዳ ይዛ፣ «ይኼ ነገር ይዞኝ ይሄዳል እኮ!» ትላለች። ሳቅን። የሰው ትዳር አንስተን አወራን። ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩትን ስድብ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ተነሣች። ልትመልሰኝ ሞከረች፤ ወደ ላይ ማንሳቱ ግን አቃታት።

«ተዪው፣ ሰገነት ትመጣለች» አልኳት።

ወንበሩ ፊቱን ወደ እኔ እንዳዞረ ባዶውን ቀረ። ሰገነት እስክትመጣ እሱን ሳይ ቆየሁ።

«እማዬ! ማን አወረደሽ?» አለች ገና ስትገባ ደንግጣ።

«ነገ ጁነዲንን ጥሪልኝ። መደቡን መልሶ ይሥራው።»

«ምን ሆነሻል? ወንበሩ መዞሪያ ያጣል እኮ!»

«ይጣ» አልኳት። «ሰው በሌለበት ቤት ወደ ማን ልዞር ነው?»