እርጥብ ሣር ለንጉሡ

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን፣ ሱሉልታ ባለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ትራጄዲ ቴአትር አሳየን። እኔ የገዛ ልጁን በእልህ የሚያስገድል ንጉሥ ነበርኩ፤ መድረኩ ላይ ስንጎራደድ ማን ይችለኛል!

የሞት ፍርዱን ላውጅ ስል፣ ኦቦ ኦዳ የተባሉ ሽማግሌ ከተመልካቹ መሃል ብድግ ብለው ወጡ። ከግቢው እርጥብ ሣር ነጭተው ተመለሱና ፊቴ ቆሙ። «ጃንሆይ፣ ልጅዎን ይማሩልን!» አሉኝ፤ እኔን፣ የአሥረኛ ክፍሉን ተማሪ!

እዚህ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምን ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ዘውዴን አውልቄ ሣሩን ተቀበልኩ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ!

ድርሰቱን የጻፈው ቲቸር ሉቃስ ራሱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ሮጦ ወጣ። «አባቴ፣ ጭብጡ እኮ የንጉሡ እልህ ነው! ልጁ መሞት አለበት!»

ኦቦ ኦዳ ዘወር አሉ።

«የእኔን ልጅ ሲያስሩትም ሣር ይዤ ሄጄ ነበር። የተቀበለኝ ይሄ ንጉሥ ብቻ ነው።»