የማን ጭን ላይ?

ሳፎቱ መንደር ውስጥ፣ ከገበያ የተመለሰች ልጅ ደጃፋቸውን ስትረግጥ እማማ ሎሳ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «የማን ጭን ላይ ተቀምጠሽ መጣሽ?»

የሳቫኢ ደሴት አውቶቡስ «ሞልቷል» ብሎ ሰው ጥሎ አይሄድም። ወንበሩ ሲያልቅ ጭን ይጀመራል። የተቀመጠው ጭኑን መታ መታ ያደርጋል፣ የቆመው ይቀመጣል፤ በቃ። አመሰግናለሁ እንኳ የለም። እማማ ሎሳም የባለጭኑን ስም ብቻ ሰምተው ማን ከተማ እንደወረደ፣ ማን እንደከሳ፣ የማን ልጅ እንዳረገዘች እቤታቸው ቁጭ ብለው ይደርሱበታል። ወሬ ይወዳሉ፣ ምን ይደረግ።

ልጃቸው ፉአቲኖ ከሳፎቱ ከወጣች ስድስት ወር ሆናት። ባሏ ላፋኤሌ አውስትራሊያ፣ ኢፕስዊች፣ ቄራ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ ሁለቱን ልጆች ይዛ ተከተለችው። መኪና የላቸውም። በዚያ አገር መኪና የሌለው ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል እሷን ጠይቋት! ሐኪም ቤቱም፣ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም «አሥር ደቂቃ ነው» ይሏታል፤ በምን አሥር ደቂቃ እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም። የአምስት ዓመቷን ማታሊናን በእጅ፣ የስምንት ወሩን ኢሳኮን በሕፃን ጋሪ፣ ቦርሳውን በትከሻ አድርጋ ትወጣለች፤ ተመልሳ ስትገባ ወገቧ የሷ አይደለም።

የዛሬው እሁድ ደግሞ ነጭ እሁድ ነው። የልጆች ቀን። ልጆች ነጭ ለብሰው ጉባኤው ፊት ጥቅሳቸውን በቃላቸው ይላሉ፤ ከዚያ እነሱ ቀድመው ማዕድ ይቀርባሉ፣ ወላጅ ቆሞ ያስተናግዳል። ማታሊና ጥቅሷን ወር ሙሉ ስትለው ከርማለች። እማማ ሎሳም በስልክ ሊሰሟት ቀጠሮ ይዘዋል። ስኳር አንድ እግራቸውን ከጭን ካስቆረጣቸው ወዲህ ከቤት አይወጡምና ዘንድሮ ነጭ እሁድ ማለት ለሳቸው ይቺ ጥቅስ ናት። «ማታሊናን ሳልሰማ እህል አልቀምስም» ብለዋል። ካሉ ደግሞ አሉ ነው።

የዲያቆኑ ሚስት እትዬ ማሌታ ትናንት ደውላ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መኪናችን ውስጥ ቦታ ሞልቷል፤ የሌለኝ የሕፃን ወንበር ነው። ያለሱ ሕፃን ጭነን ፖሊስ ቢይዘን በነጭ ቀሚሴ ጣቢያ ልዋል እንዴ?»

«ኧረ ግድ የለም እትዬ፣ አውቶቡስ አለ» አለቻት ፉአቲኖ።

አለ እንጂ። እሁድ እሁድ፣ በሰዓት አንዴ።

ላፋኤሌ ፈረቃ ደርሶት ሥራ ነው፤ አውቶቡሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ባቡሩ ለጥገና ቆሞ ስለነበር አውቶቡሱ በሰው ጢም ብሏል። «እመቤት፣ ለጋሪ ቦታ የለም» አላት ሾፌሩ። «አጥፈው ይያዙት። ልጆቹም ሳይቀመጡ መንዳት አልችልም።» የሥራው ሕግ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ጋሪ ማጠፍ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ የፉአቲኖ አንዱ እጅ ኢሳኮን አቅፏል። ከጋሪው ጋር ስትታገል ዞር ሳትል «ማታሊና፣ ሂጂ ተቀመጪ» አለች።

ማታሊና ታዛዥ ልጅ ናት። ሄደች። ወንበር የለም፤ ጭን ግን ሞልቷል። መስኮት ሥር የተቀመጠች አንዲት ሽበታም ሴት ጭን ላይ ወጣችና ነጭ ቀሚሷን አስተካክላ ቁጭ አለች።

ሴትየዋ ጠመንጃ እንደተደገነበት ሰው ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች። «ምንድን ነው ይሄ? የማን ልጅ ናት? አንሱልኝ! እኔ አልነካኋትም፤ አያችሁ አይደል፣ አልነካኋትም!»

አውቶቡሱ በሙሉ ዞረ። «እናትየዋ የት ናት?» አለ አንዱ ከኋላ። ፉአቲኖ ፊቷ እሳት ሆኖ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ልጇን አነሳቻት። ሴትየዋ እጇን ገና አላወረደችም፤ የሰው ልጅ ነካሽ መባል በዚያ አገር ያስከስሳል። ፈርታለች እኮ! የአምስት ዓመት ልጅ ፈርታ! ፉአቲኖን ከጩኸቱ ይልቅ የጎዳት ይሄ ነው።

«እንወርዳለን» አለች።

«ኧረ ይቆዩ እመቤት፣ የሚነሳልዎት ሰው አይጠፋም» አላት ሾፌሩ። እሷ ግን ወርዳለች። የሀፍረት ነገር! ትንሽ ብትቆይ ቦታ ታገኝ ነበር።

ቀጣዩም ጢም ብሎ ነው የሚመጣው ብላ በእግሯ ጀመረች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። የእግረኛ መንገዱ ሲጀምር አለ፣ ድንገት ደግሞ የለም። መኪኖቹ በጎናቸው ሽው ይላሉ። ኢሳኮ ተራበ፤ ቆመው አጠባችው። ጨቀየ፤ ቆመው ቀየረችለት። የማታሊና ጫማ ተረከዟን ላጠው፤ ጋሪው ላይ፣ ወንድሟ እግር ሥር ተጣጥፋ ገባች።

«እማዬ፣ ሴትየዋ ለምን ጮኸችብኝ? ከባድ ነኝ?»

«አንቺ? አንቺማ ላባ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን?»

ፉአቲኖ ጋሪውን ገፋች። ያኔ የሳቫኢው አውቶቡስ ናፍቆት መጣባት። የእንጨቱ አግዳሚ፣ ጆሮ የሚበጥሰው ሙዚቃ፣ እግር ሥር የሚንከባለለው የጎደሬ ዘንቢል። ሰባት ዓመቷ ሳለ ከሌላ መንደር የመጣች ሴት ጭን ላይ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የሴትየዋን ስም አታውቀውም፤ ወገቧን የያዛትን ክንድ ግን እስከ ዛሬ ታውቀዋለች። አገሬ፣ አገሬ፣ አለች በልቧ። ባሕሩ አልነበረም የናፈቃት፤ ያ ክንድ ነው።

ሲደርሱ አምስት ሰዓት አልፎ የመዝጊያው መዝሙር እየተዘመረ ነበር። ጥቅስ የሚጀምረው ከትንንሾቹ ስለሆነ የማታሊና ተራ ካለፈ ቆይቷል። በሩ ላይ ቆማ፣ ጫፉ አቧራ የጠጣ ቀሚሷን ይዛ፣ የሚወጡትን ነጭ የለበሱ ልጆች አየቻቸው። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«በእግርሽ? ከነልጆቹ?» እትዬ ማሌታ ጮኸች። «አንቺ ግትር፣ ስልክ አይደወልም?»

«ፖሊስ ይይዘኛል ስላልሽ ነው እትዬ።»

«ይያዘኛ!» አለችና እንባዋ መጣ።

ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ደወሉ። እማማ ሎሳ ነጭ ለብሰው፣ ነጭ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ምሳቸው አጠገባቸው እንደተከደነ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ማታሊና ተነሥታ ቆመች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ለስልኩ፣ ጥቅሷን አንድ ቃል ሳትስት አለችው።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ እማማ ሎሳ። ከዚያ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ «በይ ንገሪኝ፤ የማን ጭን ላይ ተቀምጠሽ መጣሽ?»

ማታሊና አሰበች።

«የማንም። እማማ፣ እዚህ አገር ሰው ጭን የለውም።»

እትዬ ማሌታ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ፉአቲኖ ፊቷን አዞረች። ከወዲያ ማዶ የሆነ ነገር መታ፣ መታ ሲደረግ ተሰማ። እማማ ሎሳ የቀረችውን ጭናቸውን እየመቱ ነው።

«ይኸውና! አንዷን ቢወስዱብኝ አንዷን ትተውልኛል። ነይ ተቀመጪ።»

ማታሊና ታዛዥ ልጅ ናት። ስልኩን ከእናቷ እጅ ወስዳ አግዳሚው ላይ በጀርባው አስተኛችው። ነጭ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ ቁጭ አለችበት።

የእማማ ሎሳ ድምፅ ከሥሯ ታፍኖ መጣ።

«ኧረ! ኧረ እንዴት ከብደሻል! አድገሽብኛል እኮ። ቆይ፣ አትነሺ።»